ጥፋቱ የአሲዱ ነው ወይስ የብርሃኑ?

ሰርኪዩት ቦርድ በእጃችን ሠርተን የምናውቅ ሁሉ አንድ የተለመደ ሮሮ አለን። «አሲዱ ደክሟል» እንላለን። ቦርዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ መዳቡ እዚህም እዚያም አልበላ ሲል፣ ወይም ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተበልተው ሲጠፉ፣ ጣታችንን የምንቀስረው በፌሪክ ክሎራይዱ ላይ ነው። ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ የተበላሸው ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በመብራቱ ሥር ሳለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እኔም ይህን የተረዳሁት ሁለት ቦርድ በእጄ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሦስት እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ የሚይዙትን መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። መሣሪያው በሁለት ትራንዚስተር ሁለት መብራት በየተራ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ተማሪ የሚወደው ዓይነት ነው። ቅብ ያለው ቦርድ የነበረን ሦስት ቁራጭ ብቻ ሲሆን ዕለቱ ዓርብ፣ ልምምዱ የሚጀመረው ደግሞ ሰኞ ነበር። የመጀመሪያውን ቦርድ እንደ ልማዳችን አራት ደቂቃ ብርሃን አስመታነው፣ አጠብነው፣ አሲድ ውስጥ ከተትነው። በሃምሳ ደቂቃው አውጥተን ስናየው ግማሹ ተበልቷል፤ ግማሹ እንደ ዝንጉርጉር ላም ቆዳ መዳብ ጥሎበታል። «አሲዱ ደክሟል» አልኩ እኔው ራሴ። አዲስ ፌሪክ ክሎራይድ በጠበጥን። ሁለተኛው ቦርድም እንደ ፊተኛው ሆነ። እንዲያውም ባሰ፤ ዝንጉርጉሩ ሳይጠፋ መስመሮቹ ተበልተው ተበጣጠሱ።

ያን ጊዜ ከሦስቱ አንደኛዋ፣ ብዙ የማትናገረው፣ ቦርዱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደችና፣ «መምህር፣ ያልተበላው ቦታ ለምን እንደ አዲስ መዳብ ያብረቀርቃል? አሲዱ ቢደክም ኖሮ ሁሉም ቦታ እኩል አይደክምም ነበር?» አለችኝ።

ለጊዜው መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን መልሱን ይዞ ነበር የመጣው። አሲዱ ነክቶት ቢሆን ኖሮ መዳቡ ይደበዝዝ ነበር። ማብረቅረቁ የሚያሳየው ጭራሹኑ እንዳልነካው ነው። በመዳቡና በአሲዱ መካከል ለዓይን የማይታይ ስስ ቅብ ቀርቷል ማለት ነው። ቅቡ የቀረው ደግሞ በቂ ብርሃን ስላልደረሰው ነው። ለምን እንዳልደረሰው ኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱ እኔን የሚያሳፍር ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የተለመደው ቦርድ ከመስታወት ጭረትና ከኤፖክሲ ሙጫ የተሠራ፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። በላዩ የተለጠፈው መዳብ አብዛኛውን ጊዜ 35 ማይክሮን፣ ማለትም 0.035 ሚሊ ሜትር ነው። በመዳቡ ላይ ደግሞ ብርሃን ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ ስስ ቅብ አለ፤ በሙያው ቋንቋ ፎቶሬዚስት ይባላል። ፖዘቲቭ በሚባለው ዓይነት ላይ፣ ብርሃን የመታው ቅብ በደካማ የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ይሟሟል፤ በጥቁሩ ንድፍ ጥላ ሥር የቆየው ግን አይሟሟም። ስለዚህ ሥራው ሦስት እርከን አለው፦ ብርሃን ማስመታት፣ ማጠብ፣ መዳቡን ማስበላት። ፎቶ ቤቶች ፊልም ማጠብ እንደሚሉት ሁሉ እኔም «ማጠብ» የምለው በኮስቲክ ሶዳው የሚደረገውን ነው፤ በንጹሕ ውኃ የሚደረገውን «ማለቅለቅ» እለዋለሁ። ሁለቱን አናምታታ። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ እርከን የሚሠራው ከፊቱ ያለው እርከን በተወለት ላይ ነው። የመጀመሪያው እርከን ጥፋት የሚታየው ግን በሦስተኛው ላይ ነው። ሁላችንንም የሚያሳስተን ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥበብ የኅትመት ሥራ ዘመድ ነው። ፖል አይዝለር የተባለ በቪየና የተወለደ መሐንዲስ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1936 ገደማ ለንደን ውስጥ የታተመ ሰርኪዩት ያለው ራዲዮ ሠርቷል፤ በ1943 ደግሞ ለፈጠራ መብት አመልክቷል። ከዚያ በፊት የራዲዮ ሆድ ዕቃ በእጅ የሚበየድ የሽቦ ጥልፍልፍ ነበር። አሮጌ የቱቦ ራዲዮ ከፍቶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ቅቡን በደንብ የሚለውጠው ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን አይደለም። ከወይን ጠጁ ቀለም ባሻገር ያለው፣ ከ350 እስከ 400 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነው አልትራቫዮሌት ነው። ስለዚህ አንድ መብራት ለዓይን ደማቅ ስለሆነ ብቻ ለዚህ ሥራ ይበጃል ማለት አይቻልም፤ ለዓይን ደብዛዛ ሐምራዊ የሚመስለው ቱቦ ከደማቁ አምፑል በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በዚያው ልክ፣ ደብዛዛ ነው ብሎ ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ይጎዳል። በቢጫ መብራት ወይም ደከም ባለ ተራ አምፑል ሥር ቦርዱን ለአጭር ጊዜ ገላልጦ መሥራት ይቻላል፤ እንደ ፎቶ ቤት ድቅድቅ ጨለማ አያስፈልግም። ከመስኮት ብርሃንና ከፍሎረሰንት ቱቦ ግን ራቁ።

ርቀትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ አምፑል የሚመጣ ከሆነ ርቀቱን በእጥፍ ስንጨምር ቦርዱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ አራት ደቂቃ የነበረው አሥራ ስድስት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ቱቦ ጎን ለጎን ተደርድሮ ቦርዱ ቀረብ ብሎ ሲቀመጥ ይህ ሕግ እንዲህ በጥብቅ አይሠራም። ያም ሆኖ የሳጥኑ ጠርዝ ከመካከሉ ያነሰ ብርሃን ያገኛል። ትልቅ ቦርድ ጠርዙ ላይ ዝንጉርጉር ከሆነባችሁ በመጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

መብራት የሌለው ምን ያድርግ? ፀሐይ አለችለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የአልትራቫዮሌት ኃይል ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ የጠራ ሰማይ ከተገኘ ፀሐይዋ ከብዙ የቤት መብራት ትበልጣለች። ችግሯ ግን እንደ ሰዓት የምትታመን አለመሆኗ ነው። ስስ ደመና ሲያልፍ፣ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ሲሄድ፣ ክረምት ሲገባ ሁሉ ነገር ይለወጣል። በፀሐይ የሚሠራ ሰው መሞከሪያውንና እውነተኛውን ቦርድ በተከታታይ፣ በዚያው ሰዓት መሥራት አለበት። ዛሬ ሞክሮ ነገ መሥራት በፀሐይ አይሆንም።

ቀጥሎ ንድፉ ነው። ንድፉን በትራንስፓረንሲ ላይ በሌዘር ፕሪንተር አትመን ወደ አምፑል ብንይዘው፣ ጥቁር የመሰለን ሁሉ ወንፊት ሆኖ እናገኘዋለን። በዚያ ወንፊት ብርሃን ያልፋል፤ ብርሃኑ ሲረዝም ደግሞ መስመሮቹ ከላይ እየተነደሉ ይሄዳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ቅጂ አትሞ፣ አንዱን ባንዱ ላይ በጥንቃቄ አግጥሞ በማጣበቂያ ማያያዝ። ሌላው ነገር ቀለሙ ያረፈበት ፊት የግድ ቅቡን መንካት አለበት። ቀለሙ ወደ ላይ ከሆነ በቀለሙና በቅቡ መካከል የላስቲኩ ውፍረት ክፍተት ይሆናል፤ ብርሃኑም በጎን እየሾለከ የመስመሩን ጠርዝ ይበላል። ለዚህ ሲባል ንድፉ ተገልብጦ የሚታተምበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ላይ ያልተሳሳተ የለም። እኔ ሁልጊዜ በንድፉ ጥግ ላይ አንድ ፊደል አኖራለሁ፤ ቦርዱ ሲያልቅ በመዳቡ በኩል በትክክል የሚነበብ መሆን አለበት። ፊደሉ ግን «ዐ» ወይም «ሠ» እንዳይሆን! በመስታወት ቢታዩም ያው ናቸው። «ረ» ወይም «ገ» ይሻላል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ስንት ደቂቃ ነው የሚለው ነው። የሰው ደቂቃ አትዋሱ። የጓደኛችሁ አራት ደቂቃ የጓደኛችሁ መብራት፣ ርቀት፣ መስታወትና ቦርድ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ከመሞከሪያ ቁራጭ ነው። ከቦርዱ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። በላዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ያሉበት ንድፍ አኑሩበት፤ ቁራጩንም በሐሳብ አምስት ቦታ ክፈሉት። መጀመሪያ ሁሉም ክፍል አንድ ደቂቃ ብርሃን ይምታው። ከዚያ የመጀመሪያውን ክፍል በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ሁለተኛውንም ሸፍናችሁ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስተኛውንም ሸፍናችሁ አራት ደቂቃ፣ አራተኛውንም ሸፍናችሁ ስምንት ደቂቃ ጨምሩ። ሲደመር ክፍሎቹ በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ደቂቃ አግኝተዋል፤ የፈጀባችሁም 16 ደቂቃ ብቻ ነው። በየአንድ ደቂቃው እየጨመሩ 1፣ 2፣ 3 እያሉ መሄድ የሚጠቅመው ግምቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ለማይታወቅ መብራት እጥፍ በእጥፍ መሄድ ብዙ ርቀት ያዳርሳል።

ቁራጩን እጠቡትና አንብቡት። ብርሃን ያነሰው ክፍል መስመሮቹ ጥላ መስለው ቢታዩም በመካከላቸው ያለው ቅብ አልለቀቀም። ብርሃን የበዛበት ክፍል መዳቡ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ግን ሳስተዋል ወይም የሉም። የምንፈልገው፣ ክፍት ቦታው ሙሉ በሙሉ የለቀቀበት፣ ቀጭኑ መስመርም ሙሉ ሆኖ የቆመበት ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ሁለት ከሆነ፣ ለምሳሌ 4 እና 8 ደቂቃ ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ በመካከላቸው 6 ደቂቃ ይዛችሁ ብትሠሩ በሁለቱም በኩል ትርፍ አላችሁ። ምንም ክፍል ደህና ካልሆነ፣ ማለትም ክፍት ቦታው ሲለቅ መስመሩም አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ደቂቃውን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ ጥቁሩ ጥቁር አይደለም ማለት ነው። ወደ ንድፉ ተመለሱ። (ይህ ቁራጭ ራሱ ለክፍል ጥሩ ትምህርት ይሆናል። አንድን ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ በአሥር ሴንቲ ሜትር ቦርድ ላይ ይታያል።)

አሁን ያሳፍራል ወዳልኩት ልመለስ። በሦስተኛው ቦርድ ጠርዝ ላይ ይህንን ሙከራ ስናደርግ ስምንት ደቂቃ የመታው ክፍል እንኳ አልለቀቀም፤ አሥራ ስድስት ደቂቃው ገና መጀመሩ ነበር። ሳጥናችንን ዞር ዞር ብለን አየነው። ከጥቂት ሳምንት በፊት መስታወቱ ተሰብሮብኝ እኔው በግልጽ ፕላስቲክ ተክቼው ነበር። «አይሰበርም» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ነበር። ፖሊካርቦኔት ለዓይን እንደ ውኃ የጠራ ሆኖ ሳለ አልትራቫዮሌቱን ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፋል። መስታወት መልሰን ሌላ ቁራጭ ስንሞክር አራት ደቂቃው እንደ ድሮው ሠራ። ሁለቱ ቦርዶች የሄዱት እንግዲህ በእኔ ፕላስቲክ ነው። ለአሲዱ ያወጣነውን ገንዘብ አላነሳውም።

ስለ ማጠቡ አጠር አድርጌ ልናገር። ለፖዘቲቭ ቅብ በአንድ ሊትር ውኃ 7 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል፤ በዕቃው ላይ አምራቹ ሌላ መጠን ጽፎ ከሆነ የእሱን ተከተሉ። ውኃው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። በዓይን መገመት አይሆንም፤ ከላቦራቶሪ ሚዛን ተዋሱ። ከበዛ መስመሩም ክፍት ቦታውም በጥቂት ሴኮንድ አንድ ላይ ተጠራርጎ ይሄዳል፤ ካነሰ ቀኑን ሙሉ ስትወዘውዙት ትውላላችሁ። ደህና የሆነው ቅቡ እንደ ቀለም ጭስ እየተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚለቅ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሚደክም፣ ባለፈው ሳምንት የተበጠበጠው የዛሬው ሥራ ላይ አይታመንም። ደግሞም ሶዳው በውኃው ላይ እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይጨመርም፤ ሲሟሟ ይሞቃል፣ ይረጫል። ዓይን ውስጥ ቢገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። መነጽርና ጓንት ሳይደረግ አይነካ፤ ቢረጭ ወዲያው በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የአሉሚኒየም ድስትና ትሪ ለዚህ ሥራ ክልክል ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም እየበላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ያወጣል። የፕላስቲክ ሳፋ በቂ ነው።

ከታጠበ በኋላ ዘልሎ ወደ አሲድ መክተት የለም። መጀመሪያ ምርመራ አለ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ቢኖር ይህንን ይያዝ። ቦርዱን አለቅልቃችሁ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ለአሥራ አምስት ሃያ ሴኮንድ ብቻ ንከሩት፤ አውጡና በውኃ አለቅልቁት፤ ወደ ብርሃን ያዙት። ቅብ የለቀቀለት መዳብ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ሮዝማ፣ ማብረቅረቅ የሌለው መልክ ይይዛል። ቅብ የቀረበት ቦታ ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። በዚያች ሃያ ሴኮንድ ውስጥ የኋላውን አንድ ሰዓት ታዩታላችሁ። የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ቦርዱን ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁና ወደ ማጠቢያው ለጥቂት ጊዜ መልሱት፤ ከዚያ እንደገና ንከሩ። በጥላው ሥር የነበረው ቅብ እስካሁን ብርሃን ስላልነካው ይህን ይቋቋማል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ምርመራ ከመስኮት ራቅ ብሎ፣ በዚያው በደካማው አምፑል ይደረግ። የቀረችው አንዲት ትንሽ ነጥብ ከሆነች በሹል ቢላ መፋቅም ይቻላል። የዚያን ዓርብ ይህንን አውቄ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ቦርድ ባላጠፋሁት ነበር።

አሁን ማስበላቱ። ፌሪክ ክሎራይድ በወርክሾፕ ሁላችንም «አሲድ» እንለዋለን፤ እርግጥ ውኃው ኮምጣጣ ነው፣ ዕቃው ራሱ ግን ጨው ነው። ሁለት የፌሪክ ክሎራይድ ድርሻ አንድ የመዳብ ድርሻ ይዞ ወደ ፌረስ ክሎራይድና ወደ ኩፕሪክ ክሎራይድ ይለወጣል። ከዚህ ተነሥተን ስንት እንደሚያስፈልግ ማስላት እንችላለን። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባንድ ፊቱ መዳብ ያለው ቦርድ እንውሰድ። ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የመዳቡ ውፍረት 0.0035 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 0.35 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የመዳብ እፍጋት 8.96 ስለሆነ ክብደቱ 3.1 ግራም ያህል ይመጣል። ይህን ሁሉ ለማስበላት በስሌት 26 ግራም ገደማ ውኃ አዘል ቢጫው ፌሪክ ክሎራይድ ይበቃል። በተግባር ፈሳሹ እየደከመ ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ከዚህ በርከት ማድረግ ይገባል። ያም ሆኖ ግማሽ ኪሎ አሲድ በሁለት ቦርድ «ደከመ» የሚል ሰው ስሌቱ አያግዘውም። ከዚህ ሌላም ትምህርት አለ፦ በንድፉ ላይ ባዶ የሚሆነውን ሰፊ ቦታ መዳቡ እንዳለ እንዲቀር አድርጎ መሳል አሲድም ጊዜም ይቆጥባል።

ፈሳሹ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ለብ ቢል ሥራው በጣም ይፈጥናል። በእሳት ላይ ግን አይጣድም። ሳፋውን ሙቅ ውኃ ባለበት ሌላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቦርዱን ዝም ብሎ አጋድሞ መተውም ጥሩ አይደለም። የተበላው ዝቃጭ ላዩ ላይ ተኝቶ አዲሱን ፈሳሽ ይከለክለዋል። ወይ ሳፋውን በዝግታ መወዝወዝ፣ ወይ ቦርዱን ማቆም፣ ወይም በፊቱ ደፍቶ ከወለሉ ከፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ትኩስ ሲሆንና ሲንቀሳቀስ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ሥራው ያልቃል ብሎ መጠበቅ ይቻላል።

አሲዱ ወደ ታች ብቻ አይበላም፤ ወደ ጎንም ይበላል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የ35 ማይክሮን መዳብ ተበልቶ እስኪያልቅ ከመስመሩ በእያንዳንዱ ጎን ከቅቡ ሥር ተቀራራቢ መጠን ሊሸረሸር ይችላል። እንግዲህ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረ መስመር ወደ 0.23 ሊወርድ ነው። ይህ ቦርዱ በሰዓቱ ከወጣ ነው። አንዲት የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር እስክትጠፋ ብለን ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስንጨምር፣ ያቺ ነጥብ በቅብ ስለተሸፈነች ንቅንቅ አትልም፤ የሚበላው ቀጭኑ መስመራችን ነው። ሁለተኛው ቦርዳችን የተበጣጠሰው በዚህ ነው፤ አዲሱ አሲድ ብርቱ ስለነበረ ጥፋቱን አፋጠነው። «አሲዱ ደክሟል» ብለን ያደረግነው መድኃኒት በሽታውን አባባሰው ማለት ነው።

በሉህ የሚለጠፍ ሰማያዊ ፊልም ለሚጠቀሙ አንድ ቃል፦ እሱ ኔጋቲቭ ነው። ብርሃን የመታው ይጠነክራል፤ ያልመታው ይታጠባል። ስለዚህ በንድፉ ላይ መስመሩ ነጭ፣ ባዶው ጥቁር ይሆናል፤ የመሞከሪያው ቁራጭ ንባብም ይገለበጣል፦ ብርሃን ሲያንስ መስመሩ ይላላል፣ ሲበዛ ክፍት ቦታው አልለቅ ይላል። ማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ ሳይሆን በሊትር 10 ግራም ያህል ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ከመታጠቡ በፊት በላዩ ያለችውን ስስ ላስቲክ መላጥ አይረሳ። ስንቱ ሳይልጥ አጥቦ «ይሄ ፊልም የማይረባ ነው» ብሏል!

ጨውአማ አሲድና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ቀላቅሎ የሚያስበላም አለ። ፈጣን ነው። እኔ ግን ተማሪ ባለበት ክፍል አልመክረውም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ቅልቅሉ በጥብቅ በተከደነ ጠርሙስ ቢቀመጥ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ፌሪክ ክሎራይድ ልብስና ወለል ቢያቆሽሽም ከዚህ ይሻላል።

ያገለገለው ፈሳሽ መዳብ የተሞላ ነው። መዳብ ለዓሣና ለተክል መርዝ ነው፤ ፈሳሹ ራሱም የብረት ቧንቧ ይበላል። ወደ ማጠቢያ ገንዳ፣ ወደ ጓሮ፣ ወደ ወንዝ አይደፋም። ጉልበት እስካለው ድረስ በፕላስቲክ ዕቃ ተይዞ ይቀመጥ፤ በውኃ መጠጫ ጠርሙስ ግን በፍጹም፤ መልኩ ሻይ ይመስላል፣ ቤት ውስጥም ልጆች አሉ። መጨረሻ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት ጥቂት በጥቂት ሲጨመርበት ይኩረፈረፋል፤ መኩረፍረፉ ሲያበቃ መዳቡና ብረቱ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይሰፍራል። ያንን ዝቃጭ ለይቶ፣ አድርቆ፣ ምንነቱን ጽፎ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ ክፍል ማስረከብ ነው።

ሦስተኛው ቦርድ ዓርብ ማታ አለቀ፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎድሎት ነበር፤ ሁለቱ መብራቶች ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ በየተራ በሩ። ጠያቂዋ እጩ መምህርት የተበላሹትን ሁለት ቦርዶች ለምናት ወሰደቻቸው፤ የምታስተምርበት ቦታ እንደምትሰቅላቸው ነግራኛለች። በሳጥናችን ክዳን ውስጥ ደግሞ ወረቀት ለጥፈናል። ቀን፣ የመብራቱ ዓይነት፣ ርቀት፣ መስታወት ወይስ ፕላስቲክ፣ የቦርዱ ዓይነት፣ የመሞከሪያው ቁራጭ የሰጠው ደቂቃ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ሳጥኑን የሚጠቀም ሁሉ ከሥራ በፊት አንድ መስመር ይሙላ፤ እርሳሱ በክር ታስሯል።